መውረድማ ድንጋይም ይወርዳል

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ ለፀጉር አስተካካይ ግን ከጆሮው ይልቅ ባዕዱ የገዛ አናቱ ነው። ይኸኛው ሰውዬ የጎልማሳነት ዘመኑን በሙሉ የሰው አናት ቁልቁል ሲመለከት ኖሯል። የማን ፀጉር ከግንባሩ እንደሚሸሽ፣ የማን ከመሃል እንደሚሳሳ ከባለቤቶቹ ቀድሞ ያውቃል። የራሱን ግን አይቶት አያውቅም ነበር። ያየው አንድ ቀን ሚስቱ ትንሿን መስታወት ከኋላው ደግና «እስቲ ይቺን ነገር ተመልከታት» ስትለው ነው። ተመለከታት። የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ የምታህል፣ ክብ፣ የምታብረቀርቅ ነገር ነበረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ኮፍያ ይገዛ ነበር። እሱ የሩጫ ጫማ ገዛ።

በሳምንቱ ከከተማው ጀርባ ያለውን፣ ጫፉ ላይ የቴሌቪዥን አንቴና የቆመበትን ተራራ እያለከለከ ወጣና ዓለምን ከላይ አያት። አንድ ጊዜ ከላይ ያየ ሰው ደግሞ ወደ ታች የሚያወራው በዚያው ድምፅ ነው።

«ፀጉሩ ሲሸሽ ጊዜ ተከትሎት ሮጠ» አሉ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር። እኚህ መምህር ማለዳ ማለዳ ፀጉር ቤቱ መጥተው ጋዜጣ ያነባሉ እንጂ፣ ራሳቸው እንደ እንቁላል የለሰለሰ ስለሆነ መቀስ አስነክተው አያውቁም። ለምን ይመጣሉ ሲባሉ «ለትዝታ» ይላሉ።

ፀጉር ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሃሉን አበባ ያለበት መጋረጃ ይከፍለዋል። ወዲህ የወንዶቹ ወገን ነው፤ የሚሽከረከር ወንበር፣ ትልቅ መስታወት፣ ቶንዶስ፣ ምላጭ፣ እግሯ አንድ በኩል ያጠረ አግዳሚ። ወዲያ ሚስቱ ሴቶቹን ታስተናግዳለች፤ ሁለት ፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ ሳጥን ሙሉ ፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን፣ ፀጉር መታጠቢያ ገንዳ። መጋረጃው ዓይን ይከለክላል እንጂ ወሬ አይከለክልም። አንድ ሰው ወዲህ ሲያስነጥስ ከወዲያ «ይማርህ» የሚባልበት ቤት ነው።

በመስታወቱ ዙሪያ ድሮ የፀጉር አቆራረጥ የሚያሳዩ ሥዕሎች ነበሩ። ተነሱና በምትካቸው የእሱ ፎቶግራፎች ተሰቀሉ። እሱ አንድ ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ፤ እሱ ሌላ ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ፤ እሱ ጉም ውስጥ፣ እዚህኛው ላይ የሚታየው እጁ ብቻ ነው። አዲስ ደንበኛ «እንደዚያ አድርገኝ» ብሎ ወደ ግድግዳው ቢጠቁም የሚጠቁመው ተራራ ነው።

ንግግሩም ተለወጠ። ሥራ እንዴት ነው ቢሉት «ሽቅብ ነው»፤ ጤና እንዴት ነው ቢሉት «ሽቅብ»። ሰፈሩም እናቱ ያወጡለትን ስም ትቶ ሽቅብ ይለው ጀመር። እሱ እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

ሽቅብ እጅ ላይ የወደቀ ደንበኛ ጢሙን ብቻ ተላጭቶ አይወጣም።

«ልብህ ጆሮህ ውስጥ ይመታል» ይላል ምላጩን አየር ላይ ሰቅሎ። «አየሩ ይሳሳል። አንድ እርምጃ፣ አንድ ትንፋሽ። ሰው ራሱን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።»

«ወንድሜ፣ ግራ ጉንጬ ደረቀ እኮ» ይላል ደንበኛው፣ ሳሙናው ፊቱ ላይ እየተሰነጠቀ።

«እሱ ግድ የለም። ባቴን ንካ።»

«ኧረ ተው።»

«ንካው እንጂ! ምን መሰለህ?»

«ባት።»

ይህን ሁሉ ሰው በቻለው ነበር፤ ያልተቻለው ቅዳሜ ነው። የፀጉር ቤት ሥራ ቅዳሜ ነው፤ የቀረው ቀን ቅዳሜን መጠበቂያ ነው። ሠርግ ያለበት፣ ልጅ የሚያስመርቅ፣ እጮኛ የሚያይ፣ ሁሉም ራሱን ይዞ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ሽቅብ ደግሞ ተራራ የሚወጣው ቅዳሜ ነው። «ተራራ ቀጠሮ አያውቅም» ይላል፤ የተራራው ቀጠሮ ግን ለምን ሁልጊዜ ቅዳሜ ላይ እንደሚውል ተናግሮ አያውቅም።

ሚስቱ ሁለቱንም ወገን ብቻዋን ትይዛለች። እጇ ወዲያ ቢጎዲን እየጠቀለለ፣ አፏ በመጋረጃው ቀዳዳ «መጣሁ ወንድሜ፣ ይቺን እህቴን ብቻ ካስክ ላስገባት» ይላል። ወዲህ ትመጣና አንድ አንገት ታስተካክላለች፤ ካስኩ ይጮሃል፤ ወዲያ ትሮጣለች። እሱ በወር ከሚወጣው ዳገት እሷ በአንድ ቅዳሜ በዚያች ክፍል ውስጥ የምትመላለሰው ይበልጣል ይላሉ መምህሩ፤ ጂኦግራፊ አስተምረዋልና ርቀት ያውቃሉ። አመሻሽ ላይ እግሯ ያብጥና ገንዳው ውስጥ ልትነክረው ትሄዳለች። ገንዳው ተይዟል። ሽቅብ እግሩን ዘፍዝፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ዛሬ ጉሙ ራሱ ከእኔ በታች ነበር» ይላታል።

ነገሩ የፈነዳው የተራራው አልትራ ማራቶን ማስታወቂያ ከተማው ላይ የተለጠፈ ሰሞን ነው። በአንድ ጀንበር ሦስት ተራራ ወጥቶ፣ ሦስቱንም ወርዶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአንቴናው ተራራ ግርጌ ያለው ሜዳ ላይ መድረስ ነው። ሽቅብ ሰው የሞላበትን ቀን ጠብቆ፣ ቶንዶሱን አጥፍቶ፣ «ተመዝግቤያለሁ» አለ።

መጋረጃው ተከፈተ። ሚስቱ በጥርሷ የያዘቻቸውን የፀጉር መያዣዎች አንድ በአንድ አውጥታ ኪሷ ከተተች። ይህን ስታደርግ ቤቱ ፀጥ ይላል፤ አፏ ባዶ ሆነ ማለት ነገር ሊመጣ ነው።

«መቼ ነው ውድድሩ?»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ መሆኑንማ መች አጣሁት። የትኛው ቅዳሜ?»

«ዝናቡ እንዳባራ ያለው፣ የመጀመሪያው።»

«ጥሩ። እንግዲህ ሰው ይስማን። ይኼን ውድድር ከጨረስክ ቅዳሜ ያንተ ነው። ዕድሜ ልክህን የት ነበርክ አልልህም። ቤቱን ብቻዬን እይዘዋለሁ፤ ክፉ ቃል አይወጣኝም።»

«አየሽ! ይኸው ገባሽ—»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ካልጨረስክ ደግሞ ቅዳሜ የኔ ነው። እኔ እወጣለሁ፣ አንተ ቤቱን ብቻህን ትይዘዋለህ። ወዲህም፣ ወዲያም።»

«ወዲያ?» መጋረጃውን አየ። «ሴቶቹንም?»

ከካስክ ሥር አንዲት ወይዘሮ ሳቋን ለቀቀችው።

«ለመሆኑ የት ልትሄጂ ነው?»

«እሱን ያን ጊዜ አስብበታለሁ። እሺ በል።»

ሽቅብ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ። ይህን ያህል ጊዜ አንድ ጫፍ ያልቀረው ሰው! «እሺ! ሺህ ጊዜ እሺ!»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አሉ መምህሩ ጋዜጣቸውን አጥፈው። «እኔ ምስክር ነኝ።»

«እኛም!» አሉ ከካስኮቹ ሥር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልምምዱ ጠበቀ። የቀሩት ሁለት ተራሮች ከከተማው ራቅ ይላሉ፤ በአውቶቡስ እየሄደ እነሱንም ወጣቸው። አወጣጡ ምንም አይወጣለትም፤ ይህን ጠላቱም አይክድም። ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ እጁን ጭኑ ላይ ተክሎ፣ እንደ ፍየል ድንጋይ ከድንጋይ እየመረጠ ይወጣል። ግን ስለ ልምምዱ አንድ ነገር አለ፤ ከሰው ያልደበቀው፣ ምንም ነገር ነው ብሎም ያላሰበው።

ሽቅብ ወርዶ አያውቅም።

የአንቴናው ተራራ በጀርባው በኩል የመኪና መንገድ አለው። ለአንቴናው ጠባቂዎች ውሃ የሚያመላልስ አንድ ሹፌር ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ይደርሳል፤ በርሜሎቹን አራግፎ ባዶውን ይመለሳል። ሽቅብ ጫፉን ይነካል፣ እጁን ዘርግቶ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ የመኪናውን በር ከፍቶ ይገባል። መቀመጫው ላይ የእሱ ፎጣ ሳይቀር ተቀምጦለታል። ጫማውን ያላላና «ንካው፣ ቅዳሜ ነው፤ ሰው ይጠብቀኛል» ይላል። ሌሎቹ ተራሮችም መንገድ አላቸው፤ መንገድ ካለ መኪና አይጠፋም።

ለሚስቱ በመኪና የሚወርደው ቶሎ ደርሶ ሊያግዛት መሆኑን ነግሯታል። ይደርሳልም፤ የሚደርሰው ግን ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ነው። እዚያ በሩጫ ልብሱ፣ ላቡ እስኪደርቅ፣ መንገደኛው ሁሉ «ዛሬስ?» እስኪለው ይቀመጣል።

«ለመሆኑ» አሉት መምህሩ አንድ ማለዳ፣ «መውረዱን የምትለማመደው መቼ ነው?»

«መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መውረድ ምን ልምምድ አለው? መውረድማ ድንጋይም ይወርዳል።»

«ድንጋይ ጉልበት የለውማ ልጄ» አሉ መምህሩ፣ የራሳቸውን ጉልበት እያሻሹ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና...»

«ገደሉንም አየዋለሁ፤ ከላይ ሆኜ!»

አግዳሚው ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም፤ የውድድሩን ቀን ብቻ ጠየቁት።

ቀኑ ደረሰ። መምህሩ ታጣፊ ወንበርና ጃንጥላ ይዘው ማለዳ ሜዳው ላይ ተሰየሙ። ሚስቱ አልመጣችም፤ ቅዳሜ ነው። ነገር ግን የፀጉር ቤቱን ስልክ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍታ መስታወቱ ሥር አስቀምጣዋለች።

የመጀመሪያውን ዳገት ሽቅብ እንዳለው ወጣው። ወጣቶች አለፈ፣ ባለ ሸንበቆ እግሮች አለፈ። ጫፉ ላይ ከፊተኞቹ ጋር ደረሰና ስልኩን አወጣ።

«ጫፍ ላይ ነኝ! ትሰሙኛላችሁ? ጫፍ ላይ!»

በወዲያኛው በኩል የካስክ ጉምጉምታ ተሰማው፤ ከዚያም የሚስቱ ድምፅ። «ሰማን። እንግዲህ ውረድ» አለችና ዘጋችው።

ወረደ። ማለትም ጀመረ።

በመጀመሪያ የታዘበው ቁልቁለት ዝም ብሎ የተገለበጠ ዳገት አለመሆኑን ነው። የእግሩ ጣቶች ጫማው ፊት ላይ ይላጋሉ። ጭኑ ውስጥ እንዳለ ያላወቀው ሥጋ ሁሉ በየእርምጃው ስሙን እየጠራ ይነሳል። ከዚያ ጉልበቱ ቄጤማ ሆነ። ዳገቱ ላይ አልፏቸው የነበሩት ሁሉ እንደ ውሃ እየተንኳለሉ በግራ በቀኙ አለፉት። አንዲት ፀጉሯ የሸበተ፣ አክስቱን የምታህል ሴት በትናንሽ እርምጃ፣ ጧ ጧ ጧ እያለች አጠገቡ ደረሰች።

«ልጄ፣ እግርህን አታንሳው፤ እርምጃህን አሳጥረው። ጉልበትህንም እጠፍ።»

«ታጠፍ ብለው ይታጠፋል እንዴ እማማ?»

«እኔስ አጠፍኩት» ብላ ጧ ጧ ጧ እያለች ሄደች።

በጎን ሞከረ፤ እንደ ሸርጣን። ጥቂት ረዳው፣ ኋላ ዳሌው እምቢ አለ። በቂጡ ሞከረ፤ ሱሪው እምቢ አለ። በመጨረሻ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ፊቱን ወደ ጫፉ አድርጎ ቢሞክር፣ እግሩ እሺ አለው። እንዲህ እያለ፣ የሚወርዱትን ሰዎች አንድ በአንድ ፊት ለፊት እየተቀበለ፣ ሰላምታ እየተለዋወጠ ወረደ። እንግዳ ተቀባይ ሆነ ማለት ነው። ግርጌው ላይ ሊደርስ ሲል ቢጫ ሰደርያ የለበሰ አስተባባሪ አየው። ያየው ፊቱን ወደ ተራራው ያዞረ፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው፤ ዳገቱን መጀመር ያቃተው መሰለውና ከኋላው ሮጦ መጣ።

«አይዞህ! በርታ ወንድሜ!» ብሎ ትከሻውን ደግፎ ወደ ላይ ገፋው።

«ተወኝ! እየወረድኩ ነው!»

«ፊትህ ወደ ላይ ነው እኮ!»

«ፊቴን ተወው፤ እግሬን እይ!»

እስኪግባቡ ድረስ በእንባ የወረዳትን አንዲት ቁልቁለት መልሶ አስወጣው። የሚገርመው፣ ሽቅብ ሲሆን እግሩ ዝንብ እንኳ ያረፈበት አይመስልም ነበር።

ሁለተኛው ተራራም እንዲሁ ሆነ። ሲወጣ ሁሉንም አለፈ፤ ሽበታሟንም ሴት አለፋትና «ተያየን እማማ!» አላት። ሲወርድ ሁሉም አለፉት፤ እሷም አለፈችውና «ተያየን ልጄ» አለችው። ስትናገር ትንፋሿ እንኳ አልተቆረጠም፤ ያንገበገበው ይኸኛው ነው።

ሦስተኛው የአንቴናው ተራራ ነበር፤ የራሱ ተራራ። ግርጌው ላይ ሲደርስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች እንጂ ገና ብዙ ቀን አላት። እዚህ ድንጋዩ ሁሉ ያውቀዋል። ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ፣ ዓይኑ እየጨለመ፣ ሽበታሟን ሴት መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ዳግመኛ አልፎ፣ ጫፉን ነካ። ዳገት የሚባል ነገር አለቀ። የቀረው አንድ ቁልቁለት ነው፤ ከሥሩ ሜዳው፣ ሜዳው ላይ ባንዲራው፣ ከባንዲራው አጠገብ የመምህሩ ጃንጥላ እንደ እንጉዳይ ይታያል። ቅዳሜ ከዚያ ጃንጥላ አጠገብ ቆማ ትጠብቀዋለች።

አንቴናው ሥር ደግሞ መኪናው ቆሟል።

ሹፌሩን የውድድሩ አዘጋጆች ለዚያን ቀን ቀጥረውታል፤ ያቃታቸውን ሯጮች ከየጫፉ እየለቀመ እንዲያወርድ። ሽቅብ ይህን አላወቀም። ያየው የለመደውን በር፣ የለመደውን እጀታ፣ መቀመጫው ላይ የተቀመጠውን የራሱን ፎጣ ነው። እጁ እጀታውን አገኘው። ገባ። ተቀመጠ። ጫማውን አላላ።

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለው ሹፌሩ።

«ንካው፣ ቅዳሜ ነው፤ ሰው ይጠብቀኛል» አለ ሽቅብ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ሹፌሩ የተሸነፈ ሰው ምክንያት አይጠየቅም ብሎ አዘነለትና ነካው።

መኪናው ሁለት መታጠፊያ ወረደ። ነፋሱ በመስኮት ገባ፤ ላቡ ደረቀ። መንገዱ ከእግረኛው መውረጃ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሽቅብ ዓይኑን ቢገልጥ ሽበታሟ ሴት ጧ ጧ ጧ እያለች ትወርዳለች። ደስ አለው። ሰው ምቾት ላይ ሲሆን ደግ ነው። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እማማ፣ በርቺ! ትንሽ ነው የቀረሽ!» አላት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷ በሐዘኔታ ተሞላ። «አይዞህ ልጄ» አለችው። «ለከርሞ ይሳካልሃል።»

«ለከርሞ ምን?» አለ ሽቅብ ወደ ሹፌሩ ዞሮ።

ሹፌሩ በሽቅብ ደረት ላይ የተሰፋውን የውድድር ቁጥር በዓይኑ አመለከተው። ሽቅብ ቁጥሩን አየ።

«አቁም! አቁም አልኩህ!»

«ምነው ጋሼ፣ አመመህ?»

«እየተወዳደርኩ ነው እኮ!»

«ነበር» አለ ሹፌሩ። «መኪና የገባ ወጥቷል፤ ደንቡ ነው። እኔማ እርግጠኛ ነህ ብዬ ጠይቄሃለሁ።»

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። እየዳኸ ቢወርድ እንኳ ይደርስ ነበር። መምህሩ ከጃንጥላቸው ሥር ሆነው መኪናውን አዩ፤ የወረደውን ሰው አዩ፤ ከዚያ ስልካቸውን አነሱ።

«ሃሎ። አዎ። ደርሷል።» ጃንጥላቸውን አጠፉ። «በመኪና።»

ከስልኩ የፈነዳው ሳቅ ሽቅብ የቆመበት ድረስ ደረሰ።

«ልማድ ነው!» አለ። «እናንተ ሰዎች፣ ልማድ ነው! እጄ ነው የከፈተው!»

እስከ ዛሬም ልማድ ነው ይላል፤ ያመነውም አለ። ለማንም ያልነገረው አንዲት ነገር ብቻ ነች። እጁ እጀታውን ከመያዙ በፊት፣ ለአንድ አፍታ፣ መውረጃውን በዓይኑ ጠርዝ አይቶት ነበር።

ማታ ፀጉር ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እግሯን ገንዳው ውስጥ ዘፍዝፋለች። በመንገድ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ስለ ደንብ፣ ስለ ሹፌር፣ ስለ አዘጋጆች ጥፋት። ገና አፉን ሲከፍት «ጉልበትህን በዘይት እሸው» አለችው። ስለ ቅዳሜ ምንም አላነሳችም። ያስፈራው ይህ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት፣ አግዳሚው ሞልቶ፣ ካስኮቹ ተይዘው ሳለ፣ ሽርጧን ፈትታ መስቀያው ላይ አንጠለጠለችው። ጠፍጣፋ ጫማ አጥልቃለች። «በሉ ደህና ዋሉ» ብላ ወጣች።

«እትዬ የለችም እንዴ ዛሬ?» አለ አንዱ ደንበኛ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ።

«እኔ አለሁ» አለ ሽቅብ።

«አይ... እንግዲያ እመለሳለሁ።»

«ምነው? ወንበሩ እኮ የኔ ነው!»

«መሆኑስ ያንተ ነው ወንድሜ። ግን እሷ ስትላጨኝ ሳሙናው አይደርቅም።»

ሁለቱ ተከትለውት ወጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ የእሱን ደንበኞች ማን እንደያዛቸው ሽቅብ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ለማዘን ግን ጊዜ አላገኘም፤ ከወዲያ ጥሪ መጣ።

«አንተ ሽቅብ! ቢጎዲኑ!»

መጋረጃውን ገልጦ ገባ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የዚያችን ክፍል ግማሽ በሥራ ሰዓት ረግጦት አያውቅም። የቢጎዲን ሳጥን ከፊቱ ተቀመጠ፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ።

«እሱን ሽቅብ ነው የምትጠቀልለው ወይስ ቁልቁል?» አለች አንደኛዋ ወይዘሮ።

«እ... እሷ እንዴት ነበር የምታደርገው?»

«እሷማ ቁልቁል ነው። አንተ ግን ካልለመድክ ሹፌር እንጥራልህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ወዲህም ወዲያም። መምህሩ ጋዜጣቸውን ፊታቸው ላይ ከደኑት፤ ጋዜጣው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽቅብ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠቀለለ። ወዲህ ሮጠ፤ ግማሽ ጢም ላጨ። ካስኩ ጮኸ፤ ወዲያ ሮጠ። አንዲትን ሴት ካስክ ሥር ረስቷት ከድምጿ አገኛት። ቀኑን ሙሉ ስለ ተራራ አንዲት ቃል አልወጣውም፤ አንደበቱ በሙሉ «መጣሁ እህቴ፣ መጣሁ ወንድሜ» ላይ አለቀ። የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ እግሩ እንደ ዱባ አብጦ ነበር። ገንዳው ባዶ ነበር፤ እስከዚያ ለመድረስ ግን አቅም አልቀረውም።

አመሻሽ ላይ በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ናት። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ጉንጯ ፀሐይ ነክቶት ቀልቷል፣ ፀጉሯ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰክቷል። ቀጥ ብላ መጥታ በእሱ ወንበር ላይ ተቀመጠችና መስታወቱን ተመለከተች።

«የት ዋልሽ?»

«አንቴናው ጋ። ሹፌሩ አወጣኝ፤ በእግሬ ወረድኩ።»

«በመኪና ወጥተሽ... በእግርሽ ወረድሽ?»

«ምን አለበት? መውረድማ ድንጋይም ይወርዳል» አለች። መሳቅ አለመሳቋን መስታወቱ ውስጥ መለየት አቃተው። «ፀጉሬ ውስጥ የገባውን ልቀምልኝ። እኔ እጄን ማንሳት አልቻልኩም።»

ከኋላዋ ቆመ። እንደማንኛውም ደንበኛ አናቷን ቁልቁል ተመለከተ፤ ከመሃል ሽበት ጀምሯታል። መቼ? ከፀጉሯ ውስጥ አንዲት እሾሃማ ፍሬ ነቀለና ብርሃን ላይ አዟዟራት። ቡናማ፣ ክብ፣ መንጠቆ መንጠቆ ያላት ነበረች። ያን ተራራ ድንጋይ በድንጋይ አውቀዋለሁ ይላል፤ ይቺን ግን አይቷት አያውቅም።

«ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?»

«ከመውረጃው። ቁጥቋጦው ሞልቶታል፤ ከአጠገቡ ምንጭ አለ፣ ጥላም አለ። አልፈህበት አታውቅም?»

ሽቅብ ፍሬዋን በጣቶቹ ማዟዟሩን ቀጠለ።

«ልቀም ዝም ብለህ» አለች ዓይኗን ጨፍና። «ቀስ በል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ያን ፎጣህን ከመኪናው ላይ አንሳው፤ መቀመጫው ጠቦኛል።»